የአራስ ብድር

አራስ የወለደች ሴት ስም ነው፤ ቀን የተቆረጠለት ስም። «ወላድ» አንዴ ከተባለች አይለቃትም፤ ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ ያየች አሮጊትም ወላድ ናት። አራስነት ግን ይጀመራል፣ ይቆጠራል፣ ያልቃል። በመካነ ሰላምና በአካባቢው፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው የደቡብ ወሎ ደጋ ሁሉ፣ የወለደች ሴት ስትነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ቀኗ ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዋ መልሱን ስትሰማ ሒሳቧን ትሠራለች። 9 ቀኗ ከሆነ ውሃ የሚቀዳላት፣ እንጀራ የሚጋግርላት ሰው ገና ያስፈልጋታል፤ 35 ከሆነ ደግሞ ሳይጠይቁ የቀሩ ሰዎች ቶሎ ብለው እግራቸውን ማንሳት አለባቸው።

አማርኛ ቃሉን ለአውሬም አውሶታል። «አራስ ነብር» ግልገሎቿን ታቅፋ የቀረባትን ሁሉ የምትቦጭቅ ናት፤ የተቆጣ ሰው ሁሉ በእሷ ይመሰላል። ነብሯ የምታስፈራው ብቻዋን ስለሆነች ነው፤ ጠባቂም መጋቢም ራሷ ናት። የሰው አራስ ግን ብቻዋን መሆን ተከልክላለች። ክልከላው በአንድ ወገን መንፈስን ከመፍራት፣ በሌላ ወገን ከሃይማኖት ሥርዓት፣ በሦስተኛው ከይሉኝታ ተገምዷል። የትኛው ክር ቤቱን እንደሚያቆመው ለማወቅ ነገሩን ከምጡ ቀን ጀምሮ መከተል ይሻላል።

ምጥ ሲመጣ ወንዶች ይወጣሉ። ባል ሴት ጎረቤቶችን ይጠራል፤ አሁን አሁን ስልክ ባለበት አምቡላንስ ይጠራል፤ ከዚያ ደጅ ይቆማል። ውስጥ ያሉት ወገቧን ይይዛሉ፣ ላቧን ይጠርጋሉ። በክርስቲያን ቤት «ማርያም፣ ማርያም» ይባላል፤ በሙስሊም ቤት ዱዓው አይቋረጥም። በወሎ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ተጢሶ በጋራ የሚለመንበት ወዳጃ የሚባል ሥርዓት ስላለ፣ ቀኗ የደረሰ ሴት አስቀድማ በብዙ አፍ ስትነሳ ትሰነብታለች። ልጁ ሲወለድ እልልታ ይሰማል። ቁጥሩ ከአገር አገር ቢለያይም በብዙ ቦታ ለወንድ 7፣ ለሴት 3 ነው፤ ደጅ የቆመው አባት የልጁን ፆታ የሚያውቀው ቆጥሮ ነው። ሴት ልጅ እንግዲህ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ 4 እልልታ ተቀንሶባታል። ከገንፎው ግን አይቀነስባትም።

ገንፎው በደጋው የገብስ ነው። ውሃው ፈልቶ ከፊሉ ተቀንሶ ለማላሻ በጎን ይቀመጥና ዱቄቱ ይገባል። ከዚያ አንዷ ድስቱን በጨርቅ ትይዛለች፣ ሌላዋ በማማሰያ ትገፋለች፤ ሊጡ ሲጠነክር ድስቱ አብሮ ስለሚዞር አንድ ሰው ብቻውን ገንፎ ላገንፋ ቢል ወይ ይደፋበታል ወይ ይቃጠልበታል። ጓሉ እስኪጠፋ ይታሻል፤ ሙሉ በሙሉ ሲበስል ገበታ ላይ ተገልብጦ መሐሉ ይጎደጎዳል፣ በበርበሬ የተለወሰ ቅቤ ይፈስበታል። ሴቶቹ ከበው ከዳር እየቆረሱ ወደ ጉድጓዱ ያጠቅሳሉ። ማንም ሊያስተውለው እንደሚችለው ምግቡ በአራሷ ስም ቢሠራም አብዛኛውን የሚበሉት የመጡት ናቸው። እሷ ደክማለች፤ ጥቂት ቀምሳ ትተኛለች። የበሉት ሴቶች ግን በዚያ ቀን እዚያ ቤት እንደነበሩ ገበታው ይመሰክርባቸዋል። ነገ ውሃ የሚያመላልስ ሲፈለግ «አልሰማሁም» ማለት አይችሉም።

ከማግስቱ ጀምሮ አራስ ጥየቃው ይቀጥላል። ክርስቲያኗ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ ሙስሊሟ «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ»። በእጅ የሚያዘው ብዙ አይደለም፤ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ለአጥሚት የሚሆን ዱቄት፣ ቡና፣ ሲደላ ዶሮ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ዘመድ ውስጥ በሚኖሩበት ወሎ የስጦታው ዓይነት የራሱ ዘዴ አለው። አንዱ የሌላውን እርድ አይበላምና ሥጋ ድንበሩን አይሻገርም፤ ቅቤ፣ እንቁላልና ቡና ግን ይሻገራሉ፤ ዶሮም ካስፈለገች ከነነፍሷ ትመጣለች፣ ባለቤቱ በሃይማኖቱ ያርዳታል። በዐቢይ ጾም የወለደች ክርስቲያን በአራስነቷ ቅቤ ትበላለች፤ ጠያቂዎቿ ጿሚዎች ናቸውና ያገነፉላትን አይቀምሱም፣ ለእነሱ በዘይት ይቀርባል። ሙስሊሟም በወሊድ ደም ላይ ሳለች ከረመዳን ጾም ነፃ ናት፣ በኋላ ትከፍለዋለች። ቅቤ የመጣበት ዕቃም ባዶውን አይመለስም፤ አንድ ጭብጥ ቆሎም ቢሆን ይገባበታል። ዕቃው ሳይመለስ ከቆየ ደግሞ ማንም አይቆጣም፤ እስኪመለስ ድረስ የሁለቱ ቤት ነገር አልተዘጋምና።

የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እንደ ልማዱ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ ዋናው ግን ምራት በአማቷ ቤት ምጥ ሲይዛት እንኳ ለመጮኽ የምታፍር መሆኗ ነው። እናቷ ዘንድ ትጮኻለች፣ ትታሻለች፣ ትቆጣለች። ከሁለተኛው ልጅ በኋላ በራሷ ጎጆ ትወልዳለች፣ እናቷ ወይም እህቷ ትመጣለች፣ ካልሆነ ጎረቤት ይተካል። በዚህ ጊዜ መደቡ በባና ይለብሳል፣ የደጋው ብርድ እንዳይገባ በሩ ይጋረዳል፣ የአራሷ አናት በቅቤ ይርሳል። እሷ ምድጃ አትነካም።

ይህ «አትነካም» ሁለት ትርጉም አለው፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ ወንድ የወለደችን ሴት 40፣ ሴት የወለደችን 80 ቀን ከመቅደስ ያርቃታል። መጽሐፈ ኩፋሌ ለቁጥሩ ታሪክ ይሰጠዋል፤ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን የምታጠምቀው በዚሁ ቀመር ነው። በእስልምናም ብዙ ሊቃውንት ከወሊድ በኋላ ያለውን የደም ጊዜ እስከ 40 ቀን ይቆጥሩታል፤ በዚያ ጊዜ ሶላትም ጾምም የለባትም። በሁለቱም ወገን ቋንቋው የንጽሕና ቋንቋ ነው። «አትንኪ» ሲባል አንድ ነገር እንዳይረክስ ማለት ይሆናል።

ደራሲነቱ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ይሞግተዋል። ስለ ወር አበባ ሲናገር፣ የሴትን ደም ርኩስ የሚል ሕግ ከፈጣሪ ጥበብ ጋር እንደሚጋጭ፣ ኑሮዋን እንደሚያውክ፣ መረዳዳትን እንደሚያፈርስና ልጅ ማሳደግን እንደሚያሰናክል ይከራከራል። ክርክሩ በአመክንዮ ሲታይ የሚነቀፍ አይደለም፤ ደሙ ከፈጣሪ ከሆነ ደሙን ማራከስ ፈጣሪን ማረም ይሆናልና። ወደ አራስ ቤት ሲገባ ግን ሐተታው ያልቆጠረው ነገር ይታያል። ሴቶቹ «አትንኪ» የሚለውን ቃል ተቀብለው «አትሥሪ» አድርገውታል። ከመቅደስ የተከለከለችው ሴት በዚያው ቃል ከምድጃ፣ ከወፍጮ፣ ከእንስራ ተፈታለች። በሌላ ጊዜ «ደክሞኛል» ብትል የማይሰማት ቤት አሁን ድካሟን ሳይሆን ቀኗን ይቆጥራል፤ ማረፍ መብቷ ሆኖ ሳይሆን ሥራ ነውር ሆኖባት ታርፋለች። መረዳዳትን ያፈርሳል የተባለው ሕግ በተግባር መረዳዳትን አስገዳጅ አደረገው። ሴት የወለደችዋ እናት በዚህ ሒሳብ 80 ቀን ታገኛለች፤ በእልልታው የተቀነሰባት በቀኑ ተመለሰላት ሊባል ይችላል፣ ምንም እንኳ በችግረኛ ቤት 80ውን ቀን ተኝቶ የመቆየት ነገር በወሬ ብቻ ቢቀርም።

ዘርዓ ያዕቆብ ተሳስቷል ለማለት ግን አይበቃም። ርኩስ የመባል ቃል ጥቅም ስላስገኘ መርዙ አይጠፋም፤ እረፍት በውርደት ስም የተገኘ እንደሆነ የሚያርፈው ገላ ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ መደብ ላይ አብረው ይኖራሉ።

የሌሊቱ ሕግም እንዲሁ ነው። አራስ ለብቻዋ አትተኛም፤ ቤት ውስጥ ብቻዋን ከተተወች ክፉ መንፈስ ይለክፋታል ይባላል፤ ብረት፣ ማጭድ ወይም ቢላ ከአጠገቧ ይቀመጣል። ሕፃኑን ዓይን እንዳያገኘው ፊቱ በነጠላ ይሸፈናል፣ ክታብ ይንጠለጠልለታል። ማንኛውም ሐኪም እንደሚለው ማጭዱ ደም አያቆምም። ነገር ግን ከወሊድ ጋር ተያይዞ ከሚመጣው ሞት ብዙው በምጡ ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት የሚደርስ በመሆኑ፣ ዋናው ገዳይም ደም መፍሰስ በመሆኑ፣ ማጭዱን ለመጠበቅ ነቅታ የምታድር ሴት መኖሯ ትልቅ ነገር ነው። ልብሱ ሲርስ የምታየው እሷ ናት። ልማድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ምክንያቱ ስቶ ሥራው ይቀናል። ችግሩ ምክንያቱ ሥራውን የሚያበላሽበትም ጊዜ መኖሩ ነው፤ የሚፈሰው ደም መንፈስ ነው ከተባለ የምትጠራው አዋላጅ ሳትሆን ሌላ ሰው ይሆናል፣ በዚያ መሐል ሰዓቱ ያልፋል።

አሁን ስለ ብድሩ። ወሎ ውስጥ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበር ቅሬ ይባላል። ቅሬ ዳኛ አለው፣ አባላቱ ይታወቃሉ፣ ለቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚቀብሩበት ቅሬም ብዙ ነው። ሞት ይህን ያህል ተቋም ሲሠራለት ልደት ግን ዳኛም መዝገብም ቅጣትም የለውም። ለምን? አንደኛው መልስ ወንድ የሚመራው ነገር መዝገብ ያገኛል የሚል ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ግን አይበቃም። ሞት የሚጠይቀው በአንድ ቀን ብዙ ሰው ነው፤ መቃብር ቆፋሪ፣ ድንኳን ተካይ፣ ተሸካሚ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ለማንቀሳቀስ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ልደት የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ለብዙ ቀን ነው፤ ዛሬ አንድ እንስራ ውሃ፣ ነገ አንድ ምጣድ እንጀራ፣ ከነገ ወዲያ ትልቁን ልጅ ለግማሽ ቀን መያዝ። ይህን በደንብ መደንገግ አይቻልም። ስለዚህ መዝገቡ የሴቶች ትዝታ ሆነ፤ ከጸሐፊ መዝገብ ይልቅ ጥብቅ የሆነ ትዝታ። የመንደር ሴት ከዓመታት በፊት በአራስነቷ ማን ስንት እንቁላል ይዛ እንደመጣች፣ ማን እንዳልመጣች፣ ማን መጥታ ቁጭ ብላ ብቻ እንደሄደች ትናገራለች።

እርዳታ የተደረገላት ሴት «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ትላለች። ምርቃቱ ጠለቅ ብሎ ሲታይ እንግዳ ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው ሌላዋ ስትወልድ፣ ስትታመም ወይም ስታዝን ነውና፣ ውለታ መላሽ መሆንን መለመን የውለታ ባለቤቷን ቀን መጠበቅ ነው። ብድሩ ደግሞ ለአበዳሪዋ ብቻ አይመለስም። መውለጃዋ ያለፈ አሮጊት ለአራሷ ትደክማለች፤ እሷ ዳግመኛ አትወልድም፤ የሚመለስላት ለልጇ ወይም ለምራቷ ነው። ስጦታ ከተቆጠረ ስጦታ መሆኑ ይቀራል የሚሉ ፈላስፎች አሉ። የደጋው ሴት ይህን ብትሰማ የምትስቅ ይመስላል፤ በእሷ ዘንድ የማይቆጠር ነገር ሰው የናቀው ነገር ነው። ቆጠራው ፍቅር ማጣት ሳይሆን ነገ እንዲቀጥል የሚያደርገው ክር ነው።

ቆጠራው ግን ከደብተሩ ውጭ የሆኑትን አይጠቅስም። አባቱ ያልታወቀ ልጅ የወለደች ልጃገረድ ጠያቂዋ ጥቂት ነው። አገሩን ለቃ ለሥራ የመጣች፣ ጎረቤት ያላፈራች ሴት አበድራ ስለማታውቅ የሚመልስላት የለም። ልጁ የሞተባት ደግሞ ከሁሉ ትከብዳለች፤ ገንፎውም እልልታውም ቀርቶ፣ አራስ ትባል ወይስ ሐዘንተኛ ትባል ሳይታወቅ፣ ጡቷ ሞልቶ ትቀመጣለች። ለዚህች ሴት ቋንቋው ራሱ ስም አልቆረጠላትም።

ገንፎ ይዛ የምትመጣው እጅ ምላጭ ይዛም ትመጣ እንደነበር መካድ አይቻልም። በአማራ አገር ሴት ልጅ የምትገረዘው በአብዛኛው በሕፃንነቷ፣ ገና በአራስ ቤት ሳለች ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የክልሉ ሴቶች ከ10ሩ ወደ 6 የሚጠጉት ተገርዘዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ያስቀጣል፤ ሕጉ ግን የሚገባው በፖሊስ እግር ነው፣ ምላጩ የሚገባው በጎረቤት እግር ነበር። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀልም የመጡት በተመሳሳይ ደግነት ነው፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ የምታዝን፣ የሚያውቅ ሰው የምታውቅ ጎረቤት ይዛቸው መጣች። እናቲቱ እምቢ ብትል የምታጣው ምክር አይደለም፤ ነገ ውሃ የሚቀዳላትን ሰው ነው። የመረዳዳት ጥንካሬና የመረዳዳት ጫና ከአንድ ገመድ የተሠሩ ናቸው። ልማዱ እየቀነሰ በሄደበት መንደርም የቀነሰው ሴቶቹ አንድ ላይ ሲተዉት ነው፤ አንዷ ብቻዋን ስትተው «ልጇ ሳትገረዝ ቀረች» ትባላለች፣ ሁሉም ሲተዉ ግን የሚናገር አይኖርም።

የወተቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራም ቢጫ ወተት እንገር ይባላል፤ ስሙ የላምም ነው። የላም እንገር በደስታ ይበላል፤ የሴቷ ግን በብዙ ቦታ ሆድ ያሳምማል ተብሎ ይታለብና ይደፋ ነበር፣ በፈንታው ሕፃኑ ቅቤ ይልስ ነበር። ከላም ሲሆን የተመሰገነው ከሴት ሲሆን እንዴት እንደተጠረጠረ አስረጂ አይገኝም። የጤና ባለሙያዎች ምክር ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ፣ እስከ 6 ወር ውሃ እንኳ ሳይጨመር ጡት ብቻ እንዲያገኝ ነው። በዚያው በ2016ቱ ዳሰሳ በአገሪቱ ከ6 ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ወተቷ የዘገየባት እናት ልጅ በሌላ አራስ ጡት መቆየቱም የቆየ ነገር ነው። ይህ በሙስሊሙ ቤት ቀላል አይደለም፤ በሁለት ዓመቱ ውስጥ ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ይሆናሉ፣ ሊጋቡም አይችሉም። ስለዚህ ማን ማንን እንዳጠባች በደንብ ይታወሳል። በአማራው ባህልም «የጡት ልጅ» የሚባል ነበረ፤ ወንድ እንኳ አውራ ጣቱን አጥብቶ አባት ይሆን ነበር። ወተት በሁለቱም ዘንድ ዝምድና የሚፈጥር ነገር ነው፤ ደም የማይሠራውን ዝምድና ጭምር።

መንግሥት ወደ አራስ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን መደበ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በጤና ኬላ ይሠራሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በኋላ ሴቶች በልማት ቡድንና አንዷ አምስቱን በምትመራበት «1 ለ 5» ተደራጁ። ሐሳቡ ጎረቤትነትን ሥራ ላይ ማዋል ነበር፤ በከፊል ሠርቷል፣ በከፊል ግን ጎረቤትን ሪፖርት አቅራቢ አድርጎታል። የነፍሰ ጡሯን ወር ቆጥራ ለጤና ኬላ የምታሳውቀው ሴት ድሮም ትቆጥር ነበር፤ ልዩነቱ አሁን የምትነግረው ለማን መሆኑ ነው። ውጤቱን ግን መናቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደት 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 ከመቶ 26 የነበሩት በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል።

ከዚህ ለውጥ ጀርባ ስታቲስቲክስ የማያሳየው አንድ ድስት አለ። እናቶች ጤና ጣቢያ የማይሄዱበትን ምክንያት ሲጠየቁ እዚያ ገንፎ የለም፣ ሴቶች አይገቡም፣ ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ብቻሽን ትተኛለሽ ይሉ ነበር። ስለዚህ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ተጀመረ። የእናቶች ማቆያም ተስፋፋ፤ በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው ዘዴ ነው፣ መንገድ የራቃቸው ሴቶች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ግቢ ውስጥ ይቆያሉ፣ ተራ እየገቡ ያበስላሉ። ማቆያው እንደ ሕክምና ቤት ቢታሰብም ውስጡ መንደር ነው፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሴቶች በሦስተኛው ቀን የማን ወገብ የት እንደሚያም ያውቃሉ።

የመንገዱ ችግር ግን አለ። ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ሲባል ምድሩ ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ገደል ይሰነጠቃል፤ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ከምጥ ቤት የወጡት ወንዶች ይመለሳሉ። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ይሸከማሉ፣ አራት አራት እየሆኑ ይቀያየራሉ፤ ዳገቱ ላይ የኋለኞቹ ትከሻ ዝቅ እንዳይል ያስተካክላሉ። ቃሬዛ ለሬሳ የሚሠራ ነው። ልደት የራሱን ተቋም ስላላቆመ የሞትን ዕቃ ይዋሳል፤ ተሸካሚዎቹም ለቀብር ሲጠሩ የለመዱት ጎረቤቶች ናቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ተሽከርካሪ በየጊዜው ሲቋረጥ ቃሬዛው መልሶ ዋና መጓጓዣ የሆነበት ቦታ አለ።

በከተማው፣ ኪራይ ቤት ውስጥ የምትወልድ መምህርት ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሌላ ሒሳብ አላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ድርጅት ለምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ደመወዝ የተከፈለበት ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት ደግሞ 3 ቀን፤ ከሴት ልጅ እልልታ ጋር እኩል መሆኑ አጋጣሚ ነው። ፈቃዱ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ሰው አይሰጥም። እናቷ ከገጠር ቅቤና በሶ ይዛ ትመጣለች፤ ካልመጣች ሞግዚት ይቀጠራል፣ ሞግዚቷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያው ገጠር የመጣች ታዳጊ ናት፣ ታናሽ ወንድሟን መታቀፍ ገና አልረሳችም። በውጭ አገር ያለችው ኢትዮጵያዊት ለወሊድ እናቷን ለማስመጣት ቪዛ ትለምናለች፤ ሆላንድ ብትኖር ኢንሹራንስ የሚከፍላት የአራስ አገልጋይ ለሳምንት ያህል ቤቷ ድረስ ትመጣላት ነበር፣ ቻይና ብትወለድ ኖሮ «ወሩን መቀመጥ» በሚባል ልማድ ታርፍ ነበር። ሳራ ብላፈር ኸርዲ የተባለች የሰው ዘር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ የሰው ልጅ ሕፃን በእናቱ ብቻ እንዲያድግ አልተፈጠረም፣ የብዙ እጅ ልጅ ነው ትላለች። በየአገሩ የሚለየው እጁ በዝምድና፣ በብድር ወይስ በደመወዝ መገኘቱ ነው።

አርባው ወይም ሰማንያው ሲሞላ ክርስቲያኗ ልጇን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ልጁ የክርስትና አባት ወይም እናት ያገኛል፤ ድግሱ እንደ አቅሙ ይሆናል። ሙስሊሟ ትታጠብና ሶላቷን ትጀምራለች፤ ልጁ ስሙን ያገኘው ቀድሞ፣ አቂቃ በሚታረድበት በ7ኛው ቀን ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ «ስንት ቀኗ ነው?» የሚል የለም። በሩን የጋረደው ጨርቅ ይነሳል፣ የሰው ድስትና ሰፌድ ወደየባለቤቱ ይመለሳል፣ እናቲቱ እንስራውን ወይም ጀሪካኑን አንስታ ምንጭ ትወርዳለች። ሕፃኑ በአንቀልባ ወይም በማዘያ ከጀርባዋ ታስሯል፤ በነጠላ ጠርዝ ራሱ ተከልሏል። ምንጩ ላይ የምታገኛት ጎረቤት ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ታየውና ዓይን እንዳይይዘው ቱፍ ቱፍ ትልበታለች። ከዚያ ከላይ ሰፈር ያለችው ሴት ትናንት ማታ ምጥ እንደያዛት ይነገራታል፤ ውሃዋን ቶሎ ቀድታ ቅቤ የሚያዝበትን ዕቃ ለመፈለግ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።